ስለ ሙስናና ማኅበራዊ ሚዲያ የያዝናቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች

ደብረ ብርሃን ውስጥ ለቡና የተሰበሰቡ ሰዎች የመሬት፣ የማዳበሪያ ወይም የመታወቂያ ጉዳይ ሲያነሱ አንዱ ስልኩን አውጥቶ «ይኸው፣ ፌስቡክ ላይ ወጥቷል» ይላል። ክርክሩም እዚያው ያበቃል። መጀመር የነበረበት ግን ከዚያ ነው።

«ፌስቡክ ላይ የተጋለጠ ሰው ሌባ ነው»

የሸዋ ሽማግሌዎች ስለ ሌባ ሻይ ያወጋሉ። ዕቃ ሲሰረቅ አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና እየተንገዳገደ መንደሩን ይዞራል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት በሌብነት ይያዛል። ሌላ ማስረጃ አይጠየቅም ነበር። ልማዱ ከተከለከለ ብዙ ዘመን አልፏል፤ ስምና ፎቶግራፍ ብቻ ያለበት ጽሑፍ አይተን በሰው ላይ ስንፈርድ ግን ያንኑ እያደረግን ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እንኳ በፍርድ ሂደት ላይ ሳለ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት አለው ይላል። ገና ያልተከሰሰውማ እንዴት ይሆናል?

እኔም አንድ ጊዜ አንድ ኃላፊ የሕዝብ መሬት ሸጠ የሚል ጽሑፍ ከነሰነዱ አጋርቻለሁ። ሰነዱ የሌላ ከተማ፣ ያውም የቆየ ነበር። ጽሑፉን አጠፋሁ፣ እርማትም ጻፍኩ፤ ስድቡን ያነበቡት ግን እርማቱን አላነበቡትም። ዛሬም ይቆረቁረኛል።

«ጽሑፉ ከተሠራጨ መንግሥት እርምጃ ይወስዳል፣ ነገሩም ይፈታል»

ግማሹ እውነት ነው፤ ሹማምንት ጩኸት ይሰማሉ። ችግሩ ጩኸት ፈጣን መልስ ስለሚፈልግ የሚያገኘው ውሳኔም ፈጣኑ መሆኑ ነው። መግለጫ ይወጣል፤ አንድ ሠራተኛ ይታገዳል ወይም ወደ ሌላ ወረዳ ይዛወራል። ጉቦውን የወለደው አሠራር ግን ባለበት ይቀራል። አገልግሎቱ በስንት ቀን ማለቅ እንዳለበት ባለጉዳዩ አያውቅም፤ ፋይሉ በአንድ ሰው መሳቢያ ይቆለፋል፤ አዲሱ ሠራተኛም በዚያው ወንበር ይቀመጣል። እኛ በሳምንቱ ወደ ሌላ ርዕስ አልፈናል።

ከዚህ የባሰም አለ። በብዛት የሚዛመተው የሚያስቆጣው ጉዳይ ነው፤ የሚያስቆጣው ደግሞ ሁልጊዜ ትልቁ ስርቆት አይደለም። ሃምሳ ብር የተቀበለ የመስኮት ሠራተኛ በቪዲዮ ይቀረጻል። ለአንድ አቅራቢ እንዲመች ተደርጎ የተጻፈ የጨረታ ሰነድ ግን ምን ፎቶግራፍ አለው? ሚሊዮኖች የሚያልቁት በእንደዚህ ያለ አሰልቺ ወረቀት ውስጥ ነው፤ ማንም አያጋራውም።

«እዚያ የሚጻፈው የሕዝብ ድምፅ ነው»

መንዝ ወይም መርሐቤቴ ያለ፣ ዘመናዊ ስልክ የሌለው ገበሬ በዚያ ድምፅ ውስጥ የለም። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ስለ ክልሉ መጻፉ አልቆመም ነበር፤ የሚጽፉት ግን በአብዛኛው ከክልሉ ውጭ ያሉ ሰዎች ነበሩ። የሕዝቡን ስሜት ከአስተያየት መስጫ ሥር የሚለካ አመራር ይህን ሊያስብበት ይገባል። በእድርና በገበያ ቀን የሚነገረው ቅሬታ ማንም ስላላጋራው አልጠፋም።

«የፀረ ሙስና ኮሚሽን አይቶ ዝም አለ»

በ1993 የተቋቋመው የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ቀድሞ ይመረምርና ይከስም ነበር። በ2008 ግን ምርመራው ለፖሊስ፣ ክሱ ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ተሰጠ፤ የክሱ ሥልጣን ዛሬ በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ነው። ለኮሚሽኑ የቀሩት እንደ ትምህርት፣ መከላከልና የሀብት ምዝገባ ያሉ ሥራዎች ናቸው። ክስ የሚጠብቅ ሰው የትኛውን በር ማንኳኳት እንዳለበት ማወቅ አለበት።

«ጉቦ የሰጠ ሰው ተበዳይ ብቻ ነው»

አይደለም። በሕጋችን መስጠትም ወንጀል ነው።

«ከማጋለጥ በቀር መረጃ የምናገኝበት መንገድ የለም»

አለ፤ የምንጠቀምበት ግን ጥቂቶች ነን። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፤ መልሱም በመደበኛው በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። የጨረታውን ውጤት ወይም የመሬት ድልድሉን ዝርዝር በጽሑፍ ጠይቁ። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አዘጋጁ፤ አንዱን መዝገብ ቤት ስጡ፣ በሌላው ላይ ቀንና ቁጥር አስጽፋችሁ ማኅተም አስመቱበት። ሠላሳው ቀን አልፎ መልስ ከጠፋ ፎቶግራፍ አንስታችሁ የምታጋሩት ያንን ወረቀት ይሁን።