ደላላውና ማኅበሩ፦ የወሎ ስደተኛ ሠራተኞችና ፍትሐዊ ምልመላ

ወሎ ውስጥ «ልጅቱ ሄደች» ከተባለ «የት?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ዓረብ አገር ነው። ከኮምቦልቻ፣ ከሐርቡ፣ ከባቲ፣ ከሐይቅ፣ ከመርሳ፣ ከቆቦ ለአሥርት ዓመታት ሰው ሲሄድ ኖሯል። ሴቶቹ በብዛት የቤት ሠራተኛ ሆነው ይገባሉ። ወንዶቹ በግ ይጠብቃሉ፣ ዘበኛ ይሆናሉ፣ የቀን ሥራ ይሠራሉ።

መንገዱ ሁለት ነው። አንዱ «በኮንትራት» የሚባለው ነው፤ ኤጀንሲ፣ ቪዛ፣ አውሮፕላን። ሁለተኛው «በእግር» ይባላል። ከባቲ ቁልቁል ወደ አፋር፣ ከዚያ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ ዳርቻ በጀልባ የመን፣ ከየመን የሳዑዲ ድንበር። በዚህ መንገድ ስንቱ እንደቀረ የወሎ እናቶች ያውቁታል።

ሁለቱንም መንገድ የሚያገናኘው ደላላው ነው። ኤጀንሲዎቹ በአብዛኛው አዲስ አበባ ናቸው። ሐርቡ ያለች ልጅ የኤጀንሲ ቢሮ የምትደርሰው በሰው እጅ ነው። ሕጉ ፈቃድ የሌለው ማንም ሰው ሠራተኛ እንዳይመለምል ይከለክላል። ቢሆንም ደላላው የሩቅ ሰው አይደለም። የአክስት ባል ሊሆን ይችላል። ራሷ ጂዳ ኖራ የተመለሰች ሴት ልትሆን ትችላለች። በቅሬው (በሌላ አገር ዕድር የምንለው ነው) አብሮ ይቀብራል፣ ለቅሶ ይደርሳል። መንግሥት በሬዲዮ «ሕገ ወጥ ደላላ» ሲል ሰሚው ፊት የሚመጣበት የጎረቤቱ መልክ ነው። ጎረቤቱን ደግሞ ማን ይከሳል?

ፍትሐዊ ምልመላ የሚባለው ሐሳብ ጥያቄው ቀላል ነው፦ የቅጥሩን ወጪ ማን ይክፈል? የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ መልሱን ቁርጥ አድርጎታል። ሠራተኛው አይከፍልም፤ የሚከፍለው አሠሪው ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ «የምልመላ ክፍያና ተያያዥ ወጪ» የሚባለው ምን ምን እንደሆነ ዘርዝሮ አስቀመጠ። ኢትዮጵያም ስለ ግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲዎች የሚደነግገውን ስምምነት ቁጥር 181 በ1991 ተቀብላለች። የዚያ ስምምነትም መነሻ ይኸው ነው፤ ኤጀንሲ ከሠራተኛ ኪስ አይበላም።

አገር ውስጥ ያለው ሕግ መሀል ላይ ቆሟል። በ2008 የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ኢንሹራንሱን በአሠሪው ላይ ይጥላል። ፓስፖርቱ፣ የጤና ምርመራው፣ ክትባቱ፣ የልደት ሠርተፊኬቱ፣ ከወንጀል ነጻ መሆኗን የሚገልጸው ወረቀትና የብቃት ምዘናው ግን የሠራተኛዋ ናቸው። ወረቀት ላይ ሲታይ ትንሽ ይመስላል።

የአክስቴ ልጅ ስትሄድ ደረሰኞቿን በጥቁር ፌስታል አጥፋ አስቀምጣ ነበር። አንድ ቀን ቡና እየተፈላ አንድ በአንድ አየናቸው። የፓስፖርቱ አለ። የሜዲካሉ አለ። የምዘናው አለ። ትልቁ ብር ግን ደረሰኝ የለውም። ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ «ለፕሮሰስ» ተብሎ ተጽፏል። ፊርማ የለ፣ ማኅተም የለ። ኤጀንሲው «እኛ አልተቀበልንም» አለ። ደላላው «ለኤጀንሲው አስረክቤያለሁ» አለ። አክስቴ የሸጠችው በሬ በዚህች በአንዲት ቃል ውስጥ ገባ።

እንግዲህ የሠራተኛ ማኅበር እዚህ ላይ ምን ይሠራል? ኢትዮጵያ ውስጥ ማኅበር አዲስ ነገር አይደለም። የመጀመሪያው ኮንፌዴሬሽን በ1955 ሕጋዊ እውቅና አግኝቷል። ደርግ አፍርሶ በራሱ አምሳል ሌላ ተከለ። የዛሬው የኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) የዚያ ሁሉ ወራሽ ነው። በሥሩ የኢንዱስትሪ ፌዴሬሽኖች አሉ፤ በፌዴሬሽኖቹ ሥር መሠረታዊ ማኅበራት። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ስለሆነች የኅብረት ስምምነት፣ የማኅበር ሊቀመንበር፣ የመዋጮ ተቆራጭ የሚባሉት ቃላት እዚያ እንግዳ አይደሉም።

ችግሩ ማኅበሩ የተሠራው ለፋብሪካ ሰው መሆኑ ነው። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማኅበር ይመሠረት ይላል። ከአሥር በታች የሆኑት ተሰባስበው ጠቅላላ ማኅበር ማቋቋም ይችላሉ። የቤት ሠራተኛዋን ግን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ ትተዳደር ብሎ ለብቻዋ ያስቀምጣታል። ደሴ ውስጥ በሰው ቤት የምትሠራው ልጅ በገዛ አገሯ ማኅበር ከሌላት ሪያድ ስትገባ ምን ሊቆያት ነው?

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ጉዳይ አለ። ስለ ስደት ሲወራ ሁሌ የሚረሳው እሱ ነው። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ሲመረቅ «ልጆቻችን ከእንግዲህ አይሄዱም» ተብሎ ነበር። ልጆቹ ስፌቱን ቀመሱት። አገሪቱ ለግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የላትም። አዋጁ የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ቢናገርም ኢሠማኮ ዓመት ሙሉ የሚጮኸው በዚሁ ጉዳይ ነው። የቤት ኪራይና ምግብ ሲቀነስ ከደመወዙ ለቤተሰብ የሚላክ አይተርፍም። ሳዑዲ በኮንትራት 1,000 ሪያል ሲባል ደግሞ ስሌቱን የቡና ሴቶች ሳይቀሩ በቃላቸው ያውቁታል። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ ፋብሪካ ሲዘረፍ፣ በዚያው ዓመት የአጎዋ ገበያ (ዕቃ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የሚገባበት ዕድል) ሲዘጋ፣ ሥራ የፈታው ሁሉ ወደ ደላላው በር ተመለሰ። ለእኔ የደመወዝ ወለል ጥያቄ የስደት ጥያቄ ነው። አንድ ላይ መነሳት አለበት።

የተቀባይ አገሮቹ ሁኔታ ይለያያል። በሳዑዲና በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ክልክል ነው። ኩዌትና ባሕሬን የሠራተኛ ማኅበራት ፌዴሬሽን አላቸው። በሊባኖስ እ.ኤ.አ. በጥር 2015 የቤት ሠራተኞች ተሰባስበው ማኅበር መሠረቱ፤ በዓረቡ ዓለም የዓይነቱ የመጀመሪያ ነበር። መንግሥት እስከ መጨረሻው እውቅና አልሰጠውም። የአገሩ የሥራ ሕግም የቤት ሠራተኛን አይጨምርም። ከሁሉም በላይ ከፋላ የሚባለው ሥርዓት አለ፤ የሠራተኛዋ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) በአንድ አሠሪ ስም የታሰረ ነው። ጥላ ከወጣች ሕገ ወጥ ትሆናለች። «ከማዳሟ ጠፋች» የምንለው ይህንን ነው።

ስለዚህ ማኅበራቱ ድንበር ተሻግረው መያያዝ ጀምረዋል። የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽኖች በስደት ጉዳይ የሚገናኙበት የራሳቸው መረብ አላቸው። ዓለም አቀፉ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ደግሞ ሠራተኞች የላካቸውን ኤጀንሲ ራሳቸው ነጥብ የሚሰጡበት ገጽ ከፍቷል፤ ሆቴል እንደምንመዝነው ማለት ነው። ሐሳቡን እወደዋለሁ። ግን የሐርቡ ልጅ የምታውቀው የደላላውን ስም እንጂ የኤጀንሲውን አይደለም።

እገዳም ተሞክሯል። በጥቅምት 2006 መንግሥት ለሥራ ወደ ዓረብ አገር መሄድን አገደ። ሳዑዲ በዚያው ሰሞን ማባረር ጀመረችና ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ተመለሱ። እገዳው በጥር 2010 እስኪነሳ ድረስ ኮንትራቱ ቆመ፤ ሰው ግን መሄዱን አልተወም። በባቲ በኩል ያለው መንገድ ነው የደራው።

በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጁ ውስጥ ብዙ ቤተሰብ የማያውቀው አንድ አንቀጽ አለ። ኤጀንሲው ውሉ ሲጣስ ከውጭ አገሩ አሠሪ ጋር በአንድነትም በተናጠልም ተጠያቂ ነው። ማዳሟ ሪያድ ብትሆንም ክሱ እዚህ ሊቀርብ ይችላል ማለት ነው። ለዚህም ሲባል ኤጀንሲው 100 ሺህ ዶላር ዋስትና እንዲያስይዝ የ2008ቱ አዋጅ አስገድዷል። የጎደለው ደመወዟን ቆጥሮ፣ ማመልከቻ ጽፎ፣ ቀጠሮ ተከታትሎ የሚቆምላት ሰው ነው። የፋብሪካ ማኅበር ለአባሉ በየቀኑ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ደሴ ላይ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ሕግ የሚያውቁ ሰዎችና ከቅሬዎቹ ዳኞች (መሪዎች) ጋር መነጋገር ቢጨመርበት ሥራው ሊጀመር ይችላል። ቅሬው ሰውን ቤት ለቤት ያውቃል፤ ማኅበሩ ሕጉን ያውቃል።

የአክስቴ ልጅ ከመሄዷ በፊት ኮንትራቷን ገጽ በገጽ ፎቶ አንስታ በእናቷ ስልክ አስቀምጣለች። አክስቴ ማንበብ አትችልም። ደመወዝ ሲዘገይ ግን ስልኩን ይዛ ወደ እኔ ትመጣለች፤ «እስቲ ያንን ገጽ አውጣልኝ» ትለኛለች።