የተተኮሰ ቀለህን ወደ ልኩ ስለመመለስ የሚባሉ፣ ግን እውነት ያልሆኑ ነገሮች

ቤቱ ውስጥ ጥይት እንዲሞላ ሕጉ የፈቀደለት ሰው ቀድሞ ከሚማራቸው ሥራዎች አንዱ የተተኮሰ ቀለህን ወደ ልኩ መመለስ ነው። ቀድሞ ስለሚማረው ይመስለኛል ብዙ ሰው አቅልሎ የሚያየው። ጥይቱ ሲተኮስ ቀለሁ ይነፋና ከቻምበሩ፣ ማለትም ጥይቱ ከሚጎርስበት ክፍል፣ ግድግዳ ጋር ይጣበቃል። ከዚያ ትንሽ ሰብሰብ ይላል እንጂ ወደ ድሮው ልኩ አይመለስም። ስለዚህ ዳይ የሚባል የብረት ቅርጽ ውስጥ ገብቶ እንደገና ይጠባል። ጥያቄው ምን ያህል ይጥበብ ነው።

«በደንብ በጠበበ ቁጥር ይሻላል»

ከሁሉም አደገኛው ይሄ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ላስረዳ። ብዙ የዳይ መመሪያዎች «ዳዩን የቀለህ መያዣውን እስኪነካ አውርድ፣ ከዚያ ትንሽ ዙር ጨምር» ይላሉ። ይህ የተሞላው ጥይት የማንም ጠመንጃ ውስጥ እንዲገባ ታስቦ ነው። ያንተ ቻምበር ትንሽ ረዘም ያለ ከሆነ ግን የቀለሁ ትከሻ፣ ማለትም ገላው ወደ አንገቱ የሚጠብበት ቦታ፣ ከሚገባው በላይ ወደ ኋላ ይገፋል፣ ከፊቱም ባዶ ቦታ ይቀራል። ሲተኮስ ቀጭኑ የፊት ክፍል ግድግዳውን ይዞ ይቀራል፤ ወፍራሙ ግርጌ ግን ቦልቱ፣ ማለትም ቻምበሩን ከኋላ የሚዘጋው ብረት፣ እስኪያቆመው ድረስ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ በሁለቱ መሀል ያለው ነሐስ ይለጠጣል። በመጀመሪያው ተኩስ ከውጭ ምንም አይታይም። ሲደጋገም ከግርጌው ትንሽ ከፍ ብሎ ያለው ቦታ እየሳሳ ይሄድና ቀለሁ ለሁለት ይበጠሳል። ያኔ የጋለው ጋዝ ወደ ተኳሹ ፊት ሊመጣ ይችላል።

ልኩን የሚነግርህ የራስህ ጠመንጃ ነው። በእሱ የተተኮሰ ቀለህ ውሰድ፣ ፕራይመሩን፣ ማለትም ግርጌው ላይ ያለውን ማቀጣጠያ፣ አውጣ፣ ከግርጌው እስከ ትከሻው ያለውን ካሊፐር በሚባለው የርዝመት መለኪያ ላይ በሚታሰር የትከሻ መለኪያ ለካ። ከዚያ ዳዩን ቀስ በቀስ አውርድና ትከሻው ከ0.025 እስከ 0.05 ሚሊሜትር ወደ ኋላ ሲል አቁም። ይህ ከአንድ ተራ ወረቀት ውፍረት ግማሽ አይበልጥም! በእጅ ለሚከፈት ቦልት በቂ ነው። ራሱ ለሚያጎርስ ጠመንጃ ግን እስከ 0.1 ሚሊሜትር ገደማ ይፈለጋል፣ ያለዚያ ቦልቱ ሙሉ በሙሉ ላይዘጋ ይችላል።

የቆዩ ቀለሆችህን ደግሞ አሁኑኑ ፈትሽ። ቀጭን ሽቦ ጫፉን ትንሽ እጠፍና በቀለሁ አፍ አስገብተህ ውስጡን ከግርጌው ወደ ላይ ጫረው። ጫፉ ጎድጎድ ያለ ነገር ከያዘው ያ ቀለህ አብቅቷል። ከውጭ በዚያው ቦታ ዙሪያውን የሚያበራ ቀለበት ካየህም እንደዚያው።

«አንገቱን ብቻ ማጥበብ ሁልጊዜ የተሻለ ነው»

ለአንድ ቦልት ጠመንጃ ለተወሰነ ጊዜ ይሠራል። ግን ገላው በየተኩሱ እየሰፋ ሄዶ አንድ ቀን ቦልቱ አልዘጋም ይላል፣ ያኔ ሙሉ ቀለሁን ማጥበብ ግድ ነው። በሌላ ሰው ጠመንጃ የተተኮሰ ቀለህ ከሆነማ ከመጀመሪያው ሙሉውን ነው።

«ቅባት ሲበዛ ቀለሁ አይቀረቀርም»

ቅባት ያነሰው የጠመንጃ ቀለህ ዳዩ ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል፣ እውነት ነው። ግን ፈሳሽ አይጨመቅም። የበዛው ቅባት ትከሻው ጋ መሄጃ ሲያጣ ነሐሱን ጎርበጥ ያደርገዋል። በጣት ስስ አድርገህ ቀባው፣ ትከሻውን ተወው። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ሙልጭ አድርገህ ጥረገው፤ ቅባት ያለበት ቀለህ የቻምበሩን ግድግዳ በደንብ ስለማይዝ ግፊቱ ቦልቱ ላይ ይበረታል።

«ርዝመቱን ቀድሜ ለክቻለሁ፣ በቃ»

ከዳዩ ሲወጣ ይረዝማል። ስለዚህ የሚለካው በኋላ ነው። .308 ዊንቸስተር የሚባለው የጠመንጃ ጥይት ቀለህ ጣሪያው 51.18 ሚሊሜትር ነው። ከዚያ ካለፈ አፉ ከቻምበሩ ጫፍ ጋር ሊጋጭና አረሩን ጨብጦ ሊይዘው ይችላል፣ ግፊቱም ይንራል።

«ነሐስ ስለሚደርቅ ሙሉውን በእሳት ማለስለስ ነው»

መድረቁ ልክ ነው። በተደጋጋሚ የሚጠብና የሚሰፋ አንገት ይደርቃል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። ማሞቅ የሚያስፈልገው ግን አንገቱንና ትከሻውን ብቻ ነው። የ.308 ከፍተኛው ግፊት 62,000 ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች) ነው፤ ይህን ሁሉ የሚችለው ጠንካራው ግርጌ ነው። ቀለህ ምድጃ ውስጥ ከተህ ግርጌውን ካለሰለስክ ጥይት ልትሞላበት አይገባም። ከእሳት ወጥቶ ውሃ ውስጥ የሚነከረው ደግሞ ነሐሱን ለማጠንከር አይደለም። አረብ ብረት አይደለምና በመነከር አይጠነክርም፤ ውሃው ሙቀቱ ወደ ግርጌው እንዳይወርድ ብቻ ያቆመዋል።

«የበለጠ ያበራ ቀለህ የበለጠ ጤነኛ ነው»

ንጹሕ መሆን አለበት፣ አሸዋ ካለበት ዳዩን ይጭራል። ማብረቅረቁ ግን ጥንካሬ አይጨምርም። የሚያሳስበኝ አሞኒያ ያለበት ማጽጃ ነው። ሕንድ ውስጥ የነበረው የእንግሊዝ ጦር በዝናብ ወቅት ጥይቱን ፈረስ ጋጣ ውስጥ ያስቀምጥ ነበር፣ ቀለሆቹም ማንም ሳይነካቸው ይሰነጠቁ ነበር። ምክንያቱ በ1921 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ተገለጸ፦ ከፈረሶቹ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ፣ ሲሠራ ውጥረት የቀረበትን ነሐስ ይሰነጥቀዋል። ዳይ ውስጥ የገባ ቀለህም ያው ውጥረት አለበት። የማጽጃው ጠርሙስ ላይ አሞኒያ የሚል ካየህ አትጠቀምበት።