ከወሎ ጉዞ መልስ፦ ጓዝ የተጫነ ብስክሌት ስለማጓጓዝ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ከላሊበላ በወልድያ አድርጎ ደሴ በሰላም የገባ ብስክሌት ወደ ቤት ሲመለስ መናኸሪያ ውስጥ ይሰበራል። ጥፋቱ የሚመጣው በተለመዱ ጥቂት አባባሎች ነው።

«ከደሴ አዲስ አበባ ቁልቁለት ነው»

ቁልቁለቱ ሸዋሮቢት ላይ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ከ1,300 ሜትር ገደማ ተነስቶ በደብረ ሲና በኩል ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለው ጣርማበር ይወጣል። ደሴ ስትደርሱ ጉልበትና ቀን ካለቀባችሁ፣ የቀረውን 400 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ ተሻገሩት።

«ቁልቁለት ፍሬን ይዞ ቀስ እያሉ ነው»

ሰው፣ ብስክሌትና ጓዝ ተደምሮ 105 ኪሎ ቢሆን፣ ከደሴ ኮምቦልቻ ወደ 600 ሜትር ሲወርድ የሚፈጠረው ሙቀት 2 ሊትር ገደማ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ቀስ ብላችሁ ከወረዳችሁ ሙቀቱ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ያርፋል፤ ፈጠን ስትሉ ነፋሱ ድርሻውን ይወስዳል። ቸርኬውን በሚይዝ ፍሬን ደግሞ ሙቀቱ ወደ ከመነዳሪው አልፎ ጎማውን ሊያፈነዳው ይችላል። ስለዚህ በደሴና በኮምቦልቻ መሃል ባለው ቁልቁለት፣ ሐረጎ ላይ፣ ከመታጠፊያው በፊት ሁለቱንም ፍሬን ጠበቅ አድርጉ፣ ከዚያ ልቀቁ። ቸርኬው ጣት የሚያቃጥል ከሆነ ወርዳችሁ እስኪበርድ ጠብቁ።

«ከነሻንጣው የአውቶቡሱ ፖርቶመጋላ ላይ ይታሰር»

ብዙ ብስክሌት የሚያበላሸው ይህ ነው። ሻንጣው ሳይወርድ ከታሰረ ገመዱ የሚይዘው ሻንጣውን እንጂ ብስክሌቱን አይደለም። ሻንጣ ጨርቅ ነው፤ አውቶቡሱ በነጠረ ቁጥር እየተጠቀጠቀ ይሄድና ገመዱ ይላላል። 20 ኪሎው ጓዝም የኋላውን መደርደሪያ ብሎኖች እየነቀነቀ ይፈታቸዋል።

መጀመሪያ ጓዙን አውርዳችሁ ማዳበሪያ ውስጥ ክተቱት። ካቴናውን ከኋላ ትልቁ ጥርስ ላይ አድርጉት፤ ካቴናውን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያሻግረው የኋላ ካምቢዮ ያን ጊዜ ወደ ውስጥ ይጠጋል። ፔዳሎቹን ፍቱ። ካምቢዮው በቀኝ በኩል ስለሆነ ብስክሌቱ በግራ ጎኑ፣ ካርቶን ላይ ይተኛ። ሁለት ከሆኑ የአንዱ ፊት ከሌላው ኋላ ጋር ይግጠም፣ በመሃላቸውም ካርቶን ይግባ። ማሰሪያው ፍሬሙን ብቻ ይያዝ፤ የፍሬን ገመድና የጎማ ሽቦ ላይ አይጥበቅ። ከሲባጎ ይልቅ ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቀደደ ላስቲክ ይሻላል፤ ሲነጥር ተስቦ ይመለሳል፣ ጎሚስታ ቤትም አይጠፋም።

ሂሳቡን ሳይጫን ተስማሙ። ረዳቱንም «ወንድሜ፣ አደራ፣ ከላዩ ሌላ ዕቃ እንዳትጭንበት» በሉት። ለምሳ ሲቆም ማሰሪያውን በእጃችሁ ፈትሹ።

«ፔዳል እምቢ ካለ በጉልበት ነው»

የግራው ፔዳል የብሎን ጥርሱ ተገላቢጦሽ ነው። ቀኙ ወደ ግራ ሲዞር ይፈታል፣ ግራው ግን ወደ ቀኝ። ይህን ሳያውቁ የሚታገሉት እያጠበቁት ነው። ብዙዎቹ የሚፈቱት በ15 ቁጥር ቁልፍ ነው።

«አውሮፕላን ላይ ጎማው ይፈነዳል»

የዕቃው ክፍልም የአየር ግፊቱ ይጠበቃል። ባይጠበቅ እንኳ ልዩነቱ ከ1 ባር አይበልጥም፤ 4 ባር የተነፋ ጎማ ቢበዛ 5 ቢሆን ነው። አስተንፍሱ ካሏችሁ በግማሽ ይበቃል፤ ጨርሶ ባዶ ከሆነ ቸርኬውን ከምት አያድነውም። ይልቅ የሚያሳስበው ሌላ ነው፦ ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ ይያዛል እንጂ ካርቶን ውስጥ አይገባም፣ የማብሰያ ጋዝ ደግሞ ከነጭራሹ አይሳፈርም። ከኮምቦልቻ ወይም ከላሊበላ የምትበሩ ከሆነ፣ ትኬት ሳትቆርጡ የካርቶኑን ልክ በሴንቲሜትር ተናግራችሁ መጫን አለመጫኑን ጠይቁ።

«ከአውቶቡስ ከወረደ ጭኖ መንዳት ነው»

ከብስክሌቱ ኋላ ቁጢጥ በሉና ካምቢዮው ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ጥርሶች ተመልከቱ። ከላያቸው ካለው ጥርስ ጋር በአንድ ቀጥ ያለ መስመር መውረድ አለባቸው። የታችኛው ወደ ጎማው ሽቦ ካዘነበለ፣ ካምቢዮውን የያዘችው አልሙኒየም ታጥፋለች ማለት ነው። በዚህ ሁኔታ ዳገት ላይ የኋላውን ትልቁን ጥርስ ካስገባችሁ ካምቢዮው ሽቦው ውስጥ ይገባና ሁለቱም ይሰበራሉ። እስኪቃና ድረስ ካቴናውን ከኋላ ጥርሶች ትንንሾቹ ላይ ብቻ አድርጋችሁ ንዱ፤ ዳገቱን ግፉት።