የድሬዳዋ የግቢ ተክሎች

በድሬዳዋ ግቢዎች ከሚታዩት የጌጥ ተክሎች አብዛኞቹ አንዴ ሥር ከሰደዱ ከዓመት ዓመት የሚዘልቁ ናቸው። ከተማዋ ያለችው ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ዝናቧ ጥቂት፣ እሱም በበልግና በክረምት ተከፍሎ የሚጥል ነው። ከእርሷ 600 ሜትር በላይ ከፍ ብላ በምትገኘው ሐረር ደልቶት የሚያብብ ተክል እዚህ ግንቦት ላይ ቅጠሉ ይጠበሳል። ስለዚህ የድሬ ሰው ተክል ሲመርጥ ከአበባው በፊት ቅጠሉን ያያል።

ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ እዚህ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነበር። ሐረር ድረስ ተራራ መውጣቱ አስቸጋሪ ስለነበር ጣቢያው ከሥር ቀረ፤ አዲሲቱም ከተማ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለች። የባቡር ኩባንያው በገንዘብ እጦት ሲከስር ሥራው ተቋረጠ፤ አዲስ አበባ የተደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። በእነዚያ ዓመታት የመስመሩ መጨረሻ ድሬዳዋ ነበረች። የከዚራ ሰፈር ቀጥ ያሉ መንገዶችና ግራና ቀኝ የተሰለፉት ጥላ ዛፎች የዚያ ዘመን ውርስ ናቸው። ሁሉንም ለባቡሩ መስጠት ግን አይገባም፤ ጤና አዳምና አሪቲ ሐዲድ ሳይመጣም በአገራችን ጓሮ ነበሩ።

ጤና አዳም የሚታወቀው በቡና ስኒ ነው፤ ውበቱ ግን ተዘንግቷል። ቅጠሉ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ነው፤ ትንሿን ቢጫ አበባ ቀረብ ብሎ ላያት የቅጠሎቿ ጠርዝ እንደ ነጠላ ጫፍ ዘርዛራ ነው። የጥብስ ቅጠልም ፈዛዛ ሰማያዊ አበባ ያወጣል። ከማዳጋስካር የመጣችው ቪንካ ድርቅ ቻይ ናት፤ ለደም ካንሰር የሚሰጠው ቪንክሪስቲን የሚወጣውም ከእርሷ ነው። አጥሩን ሁሉ የሚያለብሰው የደቡብ አሜሪካው ቡገንቪሊያ አበባው የሚመስለን ቀለማም ቅጠሉ ነው፤ እውነተኛው አበባ መሀሉ ላይ ያለችው ነጭ ቀጭን ቱቦ ናት።

የከተማዋ ውሃ ኖራ የበዛበት በመሆኑ ተክሉ ያለበት ጣሳ አፍ ላይ ነጭ ቅርፊት ይሠራል። ስለዚህ ቅጠል ላይ ሳይረጭ፣ በማለዳ ሥሩ ላይ ብቻ ይፈሳል። ክዳኑ የተበሳ የሃይላንድ ጠርሙስ ቂጡን ቆርጦ በአፉ ደፍቶ አፈር ውስጥ መትከል ቀላሉ ዘዴ ነው። ጤና አዳምን ከጥማት ይልቅ የሚገድለው ውሃ መቋጠር ነው፤ አሸዋ የበዛበት አፈር ይሻለዋል። ለማራባት ዝናብ ሲጀምር ስንዝር ያህል ቅርንጫፍ ይቆረጥና የታች ቅጠሉ ተመልምሎ ጥላ ሥር እርጥብ አሸዋ ላይ ይተከላል።

የጤና አዳም ጭማቂ ነክቶት ፀሐይ የመታው ቆዳ ይቆስላል፤ በድሬ ፀሐይ ደግሞ ይብሳል። የሚቆረጠው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው፤ እጅም ወዲያው በሳሙና ይታጠባል።