ኢንኮዲንግ ምንድን ነው?

ጅማ ውስጥ በፈረንጅ አራዳም ሆነ በመርካቶ አካባቢ በኮምፒውተር ጽሕፈት የሚተዳደር ሰው በአንድ ቀን አማርኛም አፋን ኦሮሞም ይተይባል። ከአንዱ ፕሮግራም ኮፒ የተደረገው ጽሑፍ ሌላው ላይ ሲለጠፍ አማርኛው ባዶ ሳጥን፣ የጥያቄ ምልክት ወይም ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ክምር ሆኖ ሲገኝ ብዙ ጊዜ ቫይረስ ይታማል፤ መንስኤው ግን አብዛኛውን ጊዜ ኢንኮዲንግ ነው።

ኮምፒውተር የሚያስቀምጠው ቁጥር እንጂ ፊደል አይደለም። የትኛው ቁጥር ለየትኛው ፊደል እንደሚቆምና በባይት (ኮምፒውተር መረጃ በሚያስቀምጥበት ትንሽ ክፍል) እንዴት እንደሚጻፍ የሚደነግገው ስምምነት ኢንኮዲንግ ይባላል። ፊደላችን ዓለም አቀፉ የፊደላት ቁጥር መዝገብ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ስሪት 3.0 ሲሆን፣ የ«ሀ» ቁጥር 4608 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ፣ በኋላም ለብዙ ዓመታት ያገለገሉ የአማርኛ ፎንቶች ግን ለላቲን በተመደቡት ቁጥሮች ላይ የእኛን ቅርጽ ሥለው ስለነበር፣ በእነርሱ የተጻፈ ደብዳቤ መልኩ አማርኛ፣ ውስጡ ላቲን ነው። ፎንቱ ሲለየው ውስጡ ይገለጣል። በቁቤ የተጻፈው አፋን ኦሮሞ በአንጻሩ ከላቲን ቁጥሮቹ ስለማይወጣ እዚያው ገጽ ላይ ደህና ሆኖ ይታያል።

ሁዻ የሚባለው፣ በቁቤ ቃል ውስጥ የሚገባው የጭረት ምልክት (') ግን ከዚህ ይለያል። ከቁልፍ ሰሌዳው የምትገባው ቀጥ ያለች ጭረት ቁጥሯ 39 ሲሆን፣ ዎርድ ራሱ ጠምዝዞ ብዙ ጊዜ 8217 ያደርጋታል። ለዓይን ልዩነቱ እምብዛም ባይታይም፣ በአንዷ የተጻፈው ቃል በሌላዋ ሲፈለግ በብዙ ፕሮግራሞች አይገኝም፤ የሰው ስም በሚመዘገብበት ሥራ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም።

ብልሽቱን ከመልኩ መለየት ይቻላል። ሳጥን ከታየ ቁጥሩ አልተነካም፤ የጎደለው ፎንት ስለሆነ ጽሑፉን ወደ ኒያላ ወይም ሌላ የዩኒኮድ አማርኛ ፎንት መለወጥ ይበቃል። አናቷ ላይ ጭረት ያለባት የላቲን «ኤ» (á) በየሦስት ምልክቱ ከተደጋገመች፣ እያንዳንዱን የአማርኛ ፊደል በ3 ባይት የሚጽፈው የዩኒኮድ ኢንኮዲንግ፣ ዩቲኤፍ-8፣ ባይት በባይት ተነጣጥሎ ተነቧል ማለት ነው፤ ዋናውን ፋይል ዩቲኤፍ-8 ብሎ መርጦ እንደገና መክፈት ያስተካክለዋል። በጣም የሚያሳስበው የጥያቄ ምልክት ነው፤ ተቀባዩ ፕሮግራም የማያውቀውን ፊደል ጥሎ በምትኩ ምልክቱን ስላስገባ፣ የተለጠፈው ቅጂ ውስጥ የሚመለስ ነገር የለም። እንዲህ ያለውን ቅጂ በዋናው ፋይል ላይ ሴቭ ማድረግ ጽሑፉን ማጥፋት ነው።

ኮፒ ሲደረግ ሰጪው ፕሮግራም ጽሑፉን በበርካታ መልኮች፣ ከነፎንቱና ያለፎንቱ፣ ያቀርባል፤ ተቀባዩም የሚችለውን ይመርጣል። ለዩኒኮድ ጽሑፍ በኖትፓድ አሳልፎ መለጠፍ ትርፍ ቅርጹን ስለሚያራግፍ ጥሩ ልማድ ነው። በአሮጌ ፎንት ለተጻፈ ግን ያው ዘዴ ጎጂ ነው፤ ከፎንቱ ጋር የፊደሉ መለያም ይጠፋልና። እንዲህ ያለ ሰነድ ሲመጣ አስቀድሞ የፎንቱን ስም መመዝገብ፣ ከዚያም ለዚያው ፎንት በተሠራ መቀየሪያ ወደ ዩኒኮድ ማዞር ያስፈልጋል፤ የአንዱ ፎንት መቀየሪያ ለሌላው አይሠራም።