የክብደት ሽግግር ምንድን ነው? የፊት ፍሬን ለሚፈራ ሞተረኛ

ባሕር ዳር ያደገ ልጅ እግሩ ፔዳል ሳይደርስ ነው ብስክሌት ላይ የሚወጣው። አብራ የምትመጣ አንዲት ምክርም አለች፦ «የፊቱን ፍሬን እንዳትነካ፣ ይደፋሃል!» እኔንም ታላቅ ወንድሜ ሽምብጥ ሰፈር ውስጥ ኮርቻውን ከኋላ ይዞ እየሮጠ ይህንኑ ነበር የሚጮህብኝ። ሰማሁት። በጣም ነው የሰማሁት።

ከዓመታት በኋላ ሞተር ስገዛ ምክሯ አብራኝ መጣች። ሁለት ዓመት ሙሉ ቀኝ እጄ ጋዝ ከመስጠት ሌላ ሥራ አልነበረውም። የማቆሙን ጣጣ በሙሉ ለቀኝ እግሬ ሰጥቼው ነበር። ይህን የሚያነብ ግማሹ ሞተረኛም እንደኔው እንደሆነ እገምታለሁ።

አንድ ነገር ከወዲሁ እንለይ። መኪና የሚነዳ ሰው «የእጅ ፍሬን» ሲባል የሚመጣለት መኪናው ሲቆም የሚሳበው ነው። ሞተር ላይ ግን በቀኝ እጅ ጣቶች የሚጨመቀው የፊት ጎማውን ይይዛል፣ በቀኝ እግር የሚረገጠው ደግሞ የኋላውን። ስሙ ያሳስታል መሰለኝ፣ ብዙ ሰው የእጁን እንደ መጠባበቂያ ነው የሚያየው። ዋናው ግን እሱ ነው። ደረቅ አስፋልት ላይ ጠበቅ አድርገህ ስትቆም ከማቆሚያው ጉልበት 70 በመቶውንና ከዚያም በላይ የሚያመጣው የፊቱ ነው። ምክንያቱ የክብደት ሽግግር ይባላል።

ሞተሩ ቆሞ አንተ ስትቀመጥበት ክብደታችሁ በሁለቱ ጎማዎች ላይ ግማሽ በግማሽ ገደማ ይከፈላል። እየሄድክ ፍሬን ስትይዝ የሚይዘው ነገር ያለው ከታች ነው፣ ጎማው ከመሬት ጋር በሚነካካበት ቦታ። አንተና ሞተሩ ግን ከላይ ናችሁ፣ አሁንም ወደፊት መሄድ ነው የምትፈልጉት። ከታች ተይዞ ከላይ የሚገፋ ነገር ምን ይሆናል? ወደፊት ያጎነብሳል። የፊት አሞርዛተር ይሰምጣል፣ የኋላው ቀና ይላል፣ የኋላው ጎማ ተሸክሞት የነበረው ክብደት ወደ ፊተኛው ያልፋል። ይሄው ነው። ከቦታው የተነሳ ዕቃ የለም፣ ሸክሙ ብቻ ተሸካሚ ቀየረ።

ጣና ላይ በደንገል ታንኳ የሄደ ሰው ይሄን በመቀመጫው ያውቀዋል። ከፊት የተቀመጠው ሰው ትንሽ ወደ አፍንጫዋ ጠጋ ሲል አፍንጫዋ ትጠልቃለች፣ ጭራዋ ብድግ ትላለች። ልዩነቱ ታንኳዋ ላይ ሰው መንቀሳቀስ አለበት፣ ሞተር ላይ ግን አንተ ንቅንቅ ሳትል ፍሬኑ ብቻውን ይሠራዋል።

ስንት ነው የሚያልፈው? የትንሽ ሞተር ጎማዎች ከመሐል እስከ መሐል 1.3 ሜትር አካባቢ ይራራቃሉ። የሞተሩና የአንተ ክብደት ማዕከል ደግሞ ከመሬት 65 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል እንበል። ደረቅ አስፋልት ላይ ጠንከር ያለ ፍሬን ስትይዝ የማቆሚያው ጉልበት የክብደታችሁን 70 በመቶ ያህል ነው፤ ከፍታው የርቀቱ ግማሽ ስለሆነ የዚያ ግማሽ፣ ከጠቅላላው ክብደት 35 በመቶ ያህሉ፣ ወደ ፊት ይሄዳል። 50 ለ 50 የነበረው 85 ለ 15 ሆነ ማለት ነው። አንተና ሞተርህ አንድ ላይ 200 ኪሎ ከሆናችሁ የኋላው ጎማ የቀረው 30 ኪሎ ነው። ከሩብ ኩንታል ትንሽ ፈቀቅ ያለ።

ጎማ ደግሞ መሬት የሚይዘው በተጫነው ልክ ነው። ከባድ ነገር የተጫነው አጥብቆ ይይዛል፣ ባዶ የሆነው ይንሸራተታል። እንግዲህ አስበው፣ ደንግጠህ በሙሉ ክብደትህ የምትረግጠው ፍሬን የሚይዘው ያንን 30 ኪሎ የቀረለትን ጎማ ነው።

እኔ ይሄን ያወቅሁት በጉልበቴ ነው። ሐምሌ ነበር፣ ከቅዳሜ ገበያ ስወጣ፣ ዝናቡ ገና ማካፋት ሲጀምር። ከፊቴ የነበረችው ባጃጅ ውስጥ አንዲት ሴት «ወራጅ!» ስትል እኔ ራሴ ሰምቻለሁ። ባጃጇ ያለ ፍሬቻ ጥግ ያዘች፣ ጥጓ ደግሞ ግማሽ መንገድ ነበር። እግሬን ደፈቅሁት። የኋላው ጎማ ተቆለፈ፣ ጭራው ወደ ግራ ሄደ፣ ሞተሩ በአንድ በኩል እኔ በሌላ በኩል ተንሸራተትን። ሴትየዋ «በስመ አብ!» ብላ ወረደች፣ ነጂው መጥቶ አነሳኝ፣ ሱሪዬ ጉልበቱ ላይ አልነበረም። የመጀመሪያው ካፊያ ነው ደግሞ ክፉው። በደረቁ ቀናት የተጠራቀመ ዘይትና አቧራ ከውኃው ጋር ተላቁጦ አስፋልቱ ላይ ሳሙና ይሆናል፣ ዶፉ ወርዶ ካጠበው በኋላ ትንሽ ይሻላል።

መካኒኩ ሁለቱንም ጎማ ፈትቶ የፍሬን ሸራዎቹን ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። የኋላው አልቆ እንደ ጥፍር ሳስቷል። የፊቱ ላይ የፋብሪካው ጽሑፍ እንኳ አልጠፋም።

«አንተ ልጅ፣ ይሄን የፊቱን ልሽጥልህ እንዴ? አልተነካም እኮ!»

«ጋሼ፣ የፊቱ ይደፋል ሲሉ ሰምቼ ነው።»

«ብስክሌት መስሎህ ነው?»

ከዚያ የፊቱን ፍሬን ጨመቀው። እጀታው ምንም ሳይይዝ ሄዶ ከመሪው ጋር ተሳሳመ። ገመዱ ላልቷል። ከኔ በፊት የነበረው ሰው ሆን ብሎ ያላላው ይመስለኛል፣ በስህተት እንዳይነካው። እንዲህ የሚያደርጉ አሉ፣ ጤነኛውን ፍሬን የሚያሰናክሉ።

ለወንድሜ ፍትሐዊ ልሁንለት፣ ምክሩ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ብስክሌት ላይ ሰውየው ከብስክሌቱ ብዙ እጥፍ ይከብዳል፣ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ ጎማዎቹም ይቀራረባሉ። የፊቱን ከጨመደድከው የኋላው ቶሎ ይነሳል። ሞተር ዝቅ፣ ረዘም፣ ከበድ ይላል። ቅድም ባልናቸው ቁጥሮች የኋላው ጎማ ከመሬት እንዲነሳ ፍሬኑ የጠቅላላ ክብደታችሁን ያህል ጉልበት ማምጣት አለበት፣ ተራ ጎማ ደግሞ በተራ አስፋልት ላይ እዚያ ለመድረስ ይቸገራል። የፊት ፍሬን ሞተረኛን የሚጥለው በሌላ መንገድ ነው፦ ክብደቱ ገና ሳይደርስ በድንገት ሲያዝ። ሽግግሩ ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል። ከግማሽ ሰከንድ ያነሰች፣ ግን አለች። በዚያች ጊዜ ውስጥ ጨምድደህ ከያዝከው የፊቱ ጎማ ሸክሙ ሳይጫንበት ይቆለፋል፣ የፊት ጎማ ከተቆለፈ ደግሞ ሚዛን የሚባል ነገር የለም።

ስለዚህ አያያዙ በሁለት ደረጃ ነው። መጀመሪያ ገበያ ላይ ማንጎ በስሏል አልበሰለም ብለህ እንደምትዳብሰው፣ ሻጯ ሳትቆጣ። እጀታው ክፍተቱን ይጨርሳል፣ ሸራው ይነካል፣ የሞተሩ አፍንጫ ዝቅ ሲል ይሰማሃል። እሱ ነው ምልክቱ፣ ክብደቱ ደርሷል። ከዚያ በኋላ ሎሚ መጭመቅ ነው፣ እየጨመርክ፣ እየጨመርክ። እግርህም አብሮ ይርገጥ፣ ግን በለስላሳው፣ ፍጥነቱ ሲቀንስም እየላላ። ዓይንህን ከባጃጇ ቂጥ ላይ አንሳና ልትሄድበት ወደምትፈልገው ክፍት ቦታ ላከው። ይሄ የመጨረሻው ለብቻው ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።

የልዩነቱን መጠን በሜትር እንየው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ስትሄድ በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ትጓዛለህ። ዓይንህ አይቶ እጅህ እስኪሠራ አንድ ሰከንድ ያህል ትሄዳለች፣ ያ 14 ሜትር ማንም የማይመልሰው ነው። በሁለቱም ፍሬን በደንብ ከያዝክ ለመቆም ሌላ 14 ሜትር ይበቃሃል፣ አምስት ባጃጅ በሰልፍ ቢቆሙ ማለት ነው። በኋላው ብቻ ከሆነ ግን እጥፍ፣ ወደ 28 ሜትር። እጥፍ ሲባል ብዙም አይመስልም፣ ግን እንዲህ አስበው፦ ሁለት ሞተረኞች እኩል ፍሬን ያዙ፣ አንደኛው በሁለቱ፣ ሌላኛው በእግሩ ብቻ። የመጀመሪያው ቆሞ እግሩን መሬት የሚያስነካባትን ቦታ ሁለተኛው የሚያልፋት በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ነው።

ፍጥነት ሲጨምር ነገሩ ይብሳል፣ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የፍሬኑ ርቀት አራት እጥፍ ነው የሚሆነው። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ ሰፊና ልስልስ ነው፣ ጋዝ ስጠኝ ስጠኝ ይላል። በሰዓት 80 ከሄድክበት 380 ሜትሩ በ17 ሰከንድ ያልቃል፣ ለመቆም ደግሞ ከነሰከንዷ 58 ሜትር ያስፈልግሃል። ያንን ያህል ቦታ ትቶ የሚነዳ ሰው እስካሁን አላየሁም።

የኋላ ፍሬን ላይ መንጠልጠል የኛ አገር በሽታ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሃሪ ኸርት የተባለ ተመራማሪ ከቡድኑ ጋር 900 የሞተር አደጋዎችን በየቦታው እየሄደ አጥንቶ ነበር። በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤት የሚለው ያው የኔን ታሪክ ነው፦ የተጋጩት ሞተረኞች የኋላውን ከመጠን በላይ ረግጠው ጎማውን ይቆልፉታል፣ የፊቱን ደግሞ በቅጡ አይጠቀሙበትም። አደጋውን ለማምለጥ የነበራቸው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሰከንድ አይሞላም ነበር። በሁለት ሰከንድ ውስጥ ሰው አዲስ ነገር አያስብም፣ እጁና እግሩ የለመዱትን ነው የሚያደርጉት።

አሁን «የፊቱን ሁሌ ያዝ» ብሏል እንዳትለኝ። መታጠፊያ ላይ፣ ሞተሩ ዘንበል እንዳለ፣ ጎማው መሬት ለመያዝ ያለውን አቅም ለመታጠፉ እያወጣው ነው፣ ለፍሬን የሚተርፈው ጥቂት ነው። አደባባይ ከመግባትህ በፊት፣ ቀጥ ብለህ ሳለህ ፍጥነትህን ጨርስ። የረጠበ ኮብልስቶን፣ የዜብራ ቀለም፣ ዛፍ ሥር የረገፈ አበባ፣ እነዚህ ላይ እጅህ ይለዝብ። ጠጠር መንገድ ላይ ደግሞ ሒሳቡ ራሱ ይለወጣል፦ ጠጠር ላይ አጥብቀህ መቆም ስለማትችል የሚሸጋገረውም ክብደት ያንሳል፣ ስለዚህ የኋላው ጎማ የተሻለ ሸክም ይቀርለታል፣ የእግር ፍሬንም ድርሻው ያድጋል። የፊቱን መተው ሳይሆን በማንጎው ደረጃ ላይ ማቆየት ነው።

ስህተት ከመጣስ? የፊቱ ከተቆለፈ ወዲያው ልቀቀው፣ መልሰህ በለስላሳው ያዝ። የኋላው ተቆልፎ ሞተሩ ቀጥ ብሎ እየሄደ ከሆነም ቀስ ብለህ ላላ አድርገው። ጭራው አንዴ ወደ ጎን ከወጣ ግን በድንገት አትልቀቅ፣ ጎማው ባንዴ መሬት ሲይዝ አሽቀንጥሮ ነው የሚወረውርህ።

ይሄን ሁሉ ላንተ የሚያስብ መሣሪያ አለ፣ ኤቢኤስ። ጎማው ሊቆለፍ ሲል አውቆ ፍሬኑን ላላ ጠበቅ ያደርጋል። በሞተር ላይ መጀመሪያ ለገበያ ያወጣው ቢኤምደብሊው ነው፣ በ1988 እ.ኤ.አ. በኬ100 ሞዴሉ። ሕንድ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ125 ሲሲ በላይ በሆኑ አዳዲስ ሞተሮች ላይ ግዴታ አድርጋዋለች፣ ከዚያ በታች ላሉት ደግሞ የእግሩን ስትረግጥ የፊቱንም ትንሽ የሚይዝ የተጣመረ ፍሬን ይበቃል ብላ ነበር። ሰፈራችን ውስጥ በገመድ የሚሠራ ፍሬን ያላት ትንሽ ሞተር ለሚነዳ ሰው ግን ኤቢኤሱ የራሱ ጣቶች ናቸው።

በነገራችን ላይ የክብደት ሽግግርን ከሁሉ አብልጠው የሚያውቁት እሑድ እሑድ አንድ ጎማ ላይ የሚነሱት ልጆች ናቸው፣ በተቃራኒው ብቻ። ጋዙን ሲመነጭቁት ክብደቱ በሙሉ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ የፊቱ ይነሳል። ችሎታ ነው፣ አልክድም። ግን የፊት ጎማ አየር ላይ ሲሆን ዋናው ፍሬንም አብሮ አየር ላይ ነው፣ ያኔ አንዲት አህያ ብትሻገር የቀረላቸው ያው ከኋላ ያለው ነው።

ልምምዱ ከባድ አይደለም። እሑድ በማለዳ፣ ባዶ ሜዳ፣ ደረቅ መሬት። በሰዓት ከ20 ጀምር፣ አሥር ጊዜ ቁም፣ ከዚያ 30፣ ከዚያ 40። መጨረሻ ላይ ፍሪሲዮኑን መያዝ አትርሳ፣ ሞተሩ ይጠፋብሃል። ሄልሜቱም ክንድህ ላይ ሳይሆን ራስህ ላይ፣ ማሰሪያው ታስሮ። የተለያዩ ጥናቶችን ያጠቃለለ ግምገማ ሄልሜት የሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ይቀንሳል ይላል። ክንድ ላይ የተንጠለጠለው በዚህ ውስጥ አልተቆጠረም።

ሰው ስትጭን ደግሞ የኋላው ጎማ ሸክም ስላለው የእግር ፍሬኑ የበለጠ ይሠራልሃል፣ ነገር ግን ፍሬን በያዝክ ቁጥር የተሳፋሪው ክብደት አንተ ላይ ነው የሚያርፈው። እኔ እህቴን ስጭን በያዝኩ ቁጥር ሄልሜቷ ከኔ ሄልሜት ጋር ቋ! ይላል። «ኧረ ቀስ በል፣ ራሴን አመመኝ» ትለኛለች። መለማመድ ከጀመርኩ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ከሽምብጥ ፔዳ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ድረስ አድርሻት ስትወርድ ምንም አላለችም። እኔም አልጠየቅኋትም፣ ግን መንገዱን ሙሉ ሄልሜቷ ስንቴ ቋ! እንዳለ ስቆጥር ነበር። ሁለት ብቻ።