ሴቶችና ብረት ማንሳት፦ ጉልበት በኪሎ ሲጨመር

በአማርኛ «ጉልበት» ሁለት ነገር ነው። አቅምም ነው፣ እግራችን የሚታጠፍበት ቦታም ነው። ከጥንካሬ ልምምድ ዋና ዋና እንቅስቃሴዎች አንዱ ደግሞ ጉልበትን አጥፎ፣ ሸክም ይዞ መነሳት ነው። ጂም ውስጥ ስኳት ይባላል። እናቶቻችን ከበርጩማ ሲነሱ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

የጥንካሬ ልምምድ ሲባል ጡንቻ ከለመደው ትንሽ የሚበልጥ ክብደት በእቅድ ማንሳት ማለት ነው። ከዚያ ማረፍ። ከዚያ ትንሽ ጨምሮ እንደገና ማንሳት። ክብደቱ ባር (በሁለት እጅ የሚያዝ ረጅም ብረት) ሊሆን ይችላል፣ ደምበል (በአንድ እጅ የሚያዝ አጭር ብረት) ሊሆን ይችላል፣ የራስ ሰውነትም ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው ሁሉ፣ ወንድም ሴትም፣ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዲሠራ ይመክራል። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በውድድር በኩል ሰው የሚያደባልቃቸው ሁለት ስፖርቶች አሉ። አንዱ የኦሊምፒኩ ክብደት ማንሳት ነው። በስናች ባሩ ከመሬት ተነስቶ ሳይቋረጥ ከአናት በላይ ይወጣል። በክሊን ኤንድ ጀርክ መጀመሪያ ትከሻ ላይ ያርፋል፣ ቀጥሎ ወደ ላይ ይገፋል። ለእያንዳንዱ ሦስት ሙከራ አለ። የእያንዳንዱ ትልቁ ተደምሮ ውጤት ይሆናል። ሌላው ፓወርሊፍቲንግ ነው። እሱ ስኳት፣ ቤንች ፕሬስ (በጀርባ ተኝቶ ባሩን ከደረት ወደ ላይ መግፋት) እና ዴድሊፍት (ባሩን ከመሬት አንስቶ ቀጥ ብሎ መቆም) ነው፣ ኦሊምፒክ ውስጥ የለም።

የሴቶች ባር 15 ኪሎ ይመዝናል፣ የወንዶቹ 20። ውፍረቱም 25 ሚሊ ሜትር ነው፣ የወንዶቹ 28። ሦስት ሚሊ ሜትር ትንሽ ይመስላል። ለትንሽ መዳፍ ግን ባሩን አጥብቆ በመያዝና በማምለጡ መካከል ያለ ልዩነት ነው። ጂም የሚከፍት ሰው ቢያንስ አንድ የሴቶች ባር ቢያስገባ ደስ ይለኛል።

ዘግይቶ የተከፈተ በር

ወንዶች በኦሊምፒክ ብረት ያነሱት በ1896 በአቴንስ ነው። ሴቶች ተራው የደረሳቸው በ2000 በሲድኒ ነው። መሃሉ 104 ዓመት ነው። ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና የ10,000 ሜትር ወርቋን ያጠለቀችው በ1992 ነው። ያኔ በኦሊምፒክ መድረክ ብረት ያነሳች ሴት በዓለም ላይ አልነበረችም።

አቅሙ ግን ቀድሞም ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኬቲ ሳንድዊና የምትባል ቪየና የተወለደች ሴት በሰርከስ ላይ ባሏን በአንድ እጇ ከአናቷ በላይ ታነሳ ነበር። በ1940ዎቹ አቢ ስቶክተን በካሊፎርኒያ ሳንታ ሞኒካ ባሕር ዳርቻ ብረት ታነሳለች። ስለ ሴቶች ልምምድ በመጽሔት አምድ ትጽፋለች። በ1947 ለሴቶች የክብደት ማንሳት ውድድር አዘጋጀች። በ1979 ደግሞ ጃን ቶድ በስኮትላንድ የታወቁትን ሁለት የዲኒ ድንጋዮች ከመሬት አነሳች። ሁለቱ አንድ ላይ ከ330 ኪሎ በላይ ናቸው። እነዚህ ሴቶች ፈቃድ ቢጠብቁ ኖሮ ብዙ በጠበቁ ነበር።

የመጀመሪያው የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና የተካሄደው በ1987 በፍሎሪዳ፣ ዴይቶና ቢች ነው። ሲድኒ የመጣው ከ13 ዓመት በኋላ ነው። እዚያ የሆነው ነገር ልብ ይነካል። በ75 ኪሎ የሰውነት ክብደት ምድብ ሦስት ሴቶች እኩል 245 ኪሎ አነሱ። የኮሎምቢያዋ ማሪያ ኢዛቤል ኡሩቲያ፣ የናይጄሪያዋ ሩት ኦግቤይፎና የታይዋኗ ኩኦ ዪ-ሃንግ ናቸው። በጊዜው ሕግ እኩል ሲሆን በሰውነት ክብደት ቀለል ያለችው ትቀድማለች። ኡሩቲያ ወርቁን ወሰደች፣ ለኮሎምቢያ በታሪኳ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ ሆነ። ሩት ብሩን ይዛ ወደ አፍሪካ ተመለሰች። በ69 ኪሎ ካርናም ማሌስዋሪ ነሐስ አገኘች። ለሕንድ ሴቶች የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ነበር። በ58 ኪሎ የሜክሲኮዋ ሶራያ ሂሜኔዝ ወርቅ ወሰደች። ከሜክሲኮ ሴቶች የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ እሷ ናት።

ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ወጥቷል። በሲድኒ በከባዱ ምድብ ያሸነፈችው ቻይናዊት ዲንግ ሜይዩዋን በድምር 300 ኪሎ ነበር ያነሳችው። በቶኪዮ የሀገሯ ልጅ ሊ ዌንዌን 320 አነሳች። ከአህጉራችን ሰሜን ደግሞ ግብፃዊቷ ሳራ አህመድ በሪዮ 2016 ነሐስ፣ በፓሪስ 2024 ብር አግኝታለች።

የሂዲሊን ዲያዝ 24 ኪሎ

እድገት ማለት ምን እንደሆነ ለማስረዳት ከዚህች ፊሊፒናዊት የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ሂዲሊን የተወለደችው በ1991 በዛምቦአንጋ ነው። አባቷ እንደ ባጃጃችን ያለ ባለ ሦስት እግር ይነዳ ነበር። ልጅ ሆና ውኃ እየቀዳች ታመላልስ ነበር።

በ2008 በቤጂንግ ገና 17 ዓመቷ ነው። በድምር 192 ኪሎ አነሳች፣ ሜዳሊያ የለም። በ2012 በለንደን የባሰ ሆነ። በክሊን ኤንድ ጀርክ ሦስቱንም ሙከራ ሳተች፣ ውጤት ሳይመዘገብላት ቀረ። አራት ዓመት ለፍቶ ባዶ እጅ መመለስ ምን እንደሚመስል ያየው ያውቀዋል። በ2016 በሪዮ በ53 ኪሎ ምድብ 200 አነስታ ብር ወሰደች።

ከዚያ ኮሮና መጣ። በ2020 መጀመሪያ ለልምምድ ማሌዥያ ነበረች። በሩ ሁሉ ተዘጋ፣ ጂምም አብሮ። እሷ ግን የቀርከሃ እንጨት ፈለገች፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ውኃ የሞላ ጀሪካን አንጠለጠለች። በዚያ ቀጠለች።

ቶኪዮ ላይ፣ በሐምሌ 2021፣ በ55 ኪሎ ምድብ ከቻይናዊቷ ሊያዎ ቺዩን ጋር ተፋጠጠች። ሁለቱም በስናች 97 አንስተዋል። ሊያዎ በክሊን ኤንድ ጀርክ 126 ላይ ጨረሰች። ሂዲሊን የመጨረሻ ሙከራዋን 127 አደረገች። አነሳችው። 224 ለ223። ፊሊፒንስ በኦሊምፒክ ታሪኳ የመጀመሪያውን ወርቅ ያገኘችው በዚያች አንድ ኪሎ ነው።

ከሪዮ እስከ ቶኪዮ አምስት ዓመት ነው፣ የጨመረችው 24 ኪሎ ነው። በዓመት አምስት ኪሎ እንኳ አይሞላም። ይህ የዓለም ምርጧ ሴት ፍጥነት ነው። ጂም ገብተሽ በሁለተኛው ወር «አልጨምር አለኝ» ብለሽ የምታዝኚ እህቴ፣ ይህን ቁጥር ያዢው።

ሰውነት እንዴት ይጨምራል

ጀማሪ ሴት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቶሎ ቶሎ ትጨምራለች። ጡንቻዋ ገና አላደገም። የሚለወጠው ነርቭ ነው። አንጎል ያሉትን የጡንቻ ክሮች አስተባብሮ ማዘዝ ይማራል። ቀስ እያለ ጡንቻው ራሱ ይወፍራል። ወራት ሲያልፉ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ይህ የተለመደ ነው።

ሴቶች በመቶኛ ሲታይ ከወንዶች ጋር የሚቀራረብ እድገት ያሳያሉ። የሚለየው መነሻው ነው። በተለይ ከወገብ በላይ ልዩነቱ ሰፊ ነው፣ በእግር በኩል ጠበብ ይላል። «ብረት ካነሳሽ ወንዳወንድ ትሆኛለሽ» የሚለው ፍራቻ ብዙ ልጆችን ከበር መልሷል። ቴስቶስትሮን የሚባለው ሆርሞን በሴቶች ደም ውስጥ ከወንዶቹ ከአሥር እጥፍ በላይ ያነሰ ነው። ግዙፍ ጡንቻ ሳይታሰብ በሁለት ወር አይመጣም። ፈልገው የሚሠሩትም ዓመታት ይፈጅባቸዋል።

አሁን ወደ ባሩ እንመለስ። በብዙ ጂም ያለው ትንሹ ክብ ብረት 1.25 ኪሎ ነው። በግራና በቀኝ ሲገባ 2.5 ይሆናል። 100 ኪሎ ዴድሊፍት ለምታነሳ ሴት ይህ ጭማሪ 2.5 በመቶ ነው። 20 ኪሎ ከትከሻዋ ወደ ላይ ለምትገፋ ግን 12.5 በመቶ ነው። ስለዚህ ላይኛው አካል ላይ ቶሎ የቆሙ የሚመስላቸው ብዙዎች ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። ብረቱ ነው ትልቅ ደረጃ ያደረገባቸው። መላው ቀላል ነው። በየጎኑ ሩብ ወይም ግማሽ ኪሎ የሚሆን ትንሽ ብረት መጨመር፣ ከሌለ ደግሞ በዚያው ክብደት ድግግሞሹን ከ5 ወደ 8 ማድረስና ከዚያ መጨመር።

መጻፍ ግን ግድ ነው። ክብደት፣ ዙር፣ ድግግሞሽ፣ ቀን። አንድ የተለመደ ስሌት አለ፦ ድግግሞሹን ለ30 አካፍሎ፣ አንድ ደምሮ፣ በክብደቱ ማባዛት። 40 ኪሎን 5 ጊዜ ያነሳች ሴት አንድ ጊዜ ብቻ ብታነሳ ወደ 47 ኪሎ ትችላለች። 8 ጊዜ ካነሳችው ወደ 51 ደርሳለች። ባሩ ላይ ምንም ሳይጨመር አድጋለች ማለት ነው። ደብተር የሌላት ሴት ይህን አታይም።

ሸክምና ልምምድ

ከእንጦጦ ማገዶ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን ያየ ሰው ሴት ልጅ ክብደት አትችልም ሊል አይችልም። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፣ ከሴቶች ባር 5 ኪሎ ይበልጣል። የገጠር ልጅ ይህን ይዛ ዳገት ትወጣለች።

ሆኖም «እናቶቻችን ያለ ጂም ጠንካራ ነበሩ» የሚለው አባባል ይከነክነኛል። የማገዶውን ክብደት የሚወስነው የቤቱ ችግር ነው፣ የእሷ አቅም አይደለም። ታመምኩ ብላ አትቀንሰውም። አርግዛም ትሸከመዋለች። ነገ እረፍት የለም፣ ማታ የሚጠብቃት ምግብ በቂ ላይሆን ይችላል። ጡንቻና አጥንት የሚገነቡት ከሥራው በኋላ፣ በእረፍትና በምግብ ነው። ያ ከሌለ የሚተርፈው የወገብ ሕመም ነው። ጂም ውስጥ ያለችው ልጅ ያገኘችው ትልቁ ነገር ክብደቱን ራሷ መምረጧ ይመስለኛል።

ምግብ፣ ጾም፣ ቡና

ጡንቻ ለመገንባት ለሚሠራ ሰው በቀን በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 1.6 ግራም አካባቢ ፕሮቲን በቂ ነው ይባላል። 60 ኪሎ ለምትመዝን ወደ 96 ግራም ነው። በፍስክ ቀን እንቁላል፣ ወተትና ሥጋ አለ። የሁዳዴ 55 ቀናት ግን ማሰብ ይጠይቃሉ። 100 ግራም ደረቅ ምስር ውስጥ ወደ 25 ግራም ፕሮቲን አለ። ሽሮ፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ አኩሪ አተርና ኦቾሎኒ ሲታከሉበት ይሞላል። ችግሩ ብዙ ጊዜ እንጀራው በዝቶ ወጡ ማነሱ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾም ሴት ከበላች በኋላ ብትሠራ፣ በዚያ ወቅትም ክብደቱን ባለበት ብታቆየው ጥሩ ነው። በረመዳንም ከኢፍጣር በኋላ የሚሠሩ ብዙ ናቸው።

ደግሞ ቡናችን። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ ሰውነት ከጥራጥሬ የሚወስደውን አይረን ይቀንሳሉ። የወር አበባ የምታይ ሴት አይረን ያስፈልጋታል። ቡናውን ከምግቡ አንድ ሰዓት ማራቅ ነው።

የወር አበባ ከቀረ ቀልድ የለም። እርግዝና ካልሆነ፣ ብዙ ጊዜ ለምትሠራው ሥራ የምትበላው አንሷል ማለት ነው። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ በ2014 ይህ የምግብ ኃይል እጥረት በአትሌቶች ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ሰፊ መግለጫ አውጥቷል። አጥንት ይሳሳል፣ ስብራት ይመጣል። ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። አራስም ሐኪሟን ሳታማክር ወደ ብረት አትመለስ፣ ስትመለስም ከባዶ ባር በታች ትጀምር።

ከማረጥ በኋላ

ሴቶች ካረጡ በኋላ አጥንታቸው በፍጥነት ይሳሳል። «በዚህ ዕድሜ ከባድ አታንሺ» የሚለው ምክር የመጣው ከዚህ ፍራቻ ነው። በ2018 የታተመ አንድ የአውስትራሊያ ጥናት ተቃራኒውን ሞከረ። አጥንታቸው የሳሳ 101 ያረጡ ሴቶችን ለሁለት ከፈለ። አንደኛው ቡድን በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ለ30 ደቂቃ፣ በአሰልጣኝ ፊት ዴድሊፍትና ስኳት ሠራ፣ ከአናት በላይም ገፋ። አምስት ዙር፣ አምስት ድግግሞሽ፣ ክብደቱ ከሚችሉት 85 በመቶ በላይ። ከስምንት ወር በኋላ የወገባቸው አጥንት ጥግግት 2.9 በመቶ ጨመረ። ቀላል እንቅስቃሴ ቤታቸው የሠሩት 1.2 በመቶ ቀነሱ።

እናቷን ጂም መውሰድ የምታፍር ልጅ ቤት ውስጥ መጀመር ትችላለች። ግድግዳ የተደገፈ ወንበር ይቀርባል። እናት እጆቿን ደረቷ ላይ ታጣምራለች። ለ30 ሰከንድ ሳትይዝ ትነሳለች፣ ትቀመጣለች። ከ60 እስከ 64 ዓመት ላለች ሴት ከ12 በታች ከሆነ ከአማካይ በታች ነው። ቁጥሩን ከነቀኑ ደብተር ላይ መጻፍ ነው። ከዚያ በሳምንት ሁለት ቀን ከዚያው ወንበር ያለ እጅ መነሳትን መለማመድ፣ ሲቀል አንድ ሊትር ውኃ የሞላ ኮዳ ደረት ላይ ማቀፍ፣ ከወር በኋላ እንደገና መቁጠር።